ሐይቁን በሳጥን የከተተው ዛብሎን

ዛብሎን ኦሙጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጫማው ነው። ቀጥሎ ክራቫቱ ይመጣል፤ ከክራቫቱ ቀጥሎ ሽቶው፤ ከሽቶው በኋላ፣ ቦታ ከተረፈ፣ ዛብሎን ራሱ። እኛ የሐይቅ ዳር ሉኦዎች ይህን ዓይነቱን አመጣጥ «ንያዲ» እንለዋለን። ንያዲ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ሰው በአንድ ሱሪም ቢሆን አጊጦ ሲወጣ ደስ ይለናል፤ ጣሪያው ቢያፈስም ባርኔጣው ቀጥ ካለ እንመርቀዋለን። ነገር ግን ንያዲም ቢሆን ከሥሩ አንዳች ነገር ይፈልጋል። ባርኔጣ ራስ ይፈልጋል።

የዛብሎንን ነገር ለማውራት ከአባቱ ሳጥን መጀመር ይሻላል።

አባቱ የካሙጋ ወደብ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ንጋት መረብ ሊያነሣ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሎልዌ፣ ሐይቁን የምንጠራው እንዲህ ነው፣ የወሰደውን አንዳንዴ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ዝም አለ። የካሙጋ ሰው ጀልባ ከጀልባ አያይዞ ፈለገው፤ ሸምበቆውን እየገለጠ ፈለገው፤ እስከ ማዶ ደሴቶች ድረስ ስሙን እየጠራ ፈለገው። ሲያጣው፣ ድምፁ ሲዘጋ፣ የአገሩን ወግ አደረሰ። ያማረ ሳጥን አሠርቶ ያጎ አስተኛበት። ያጎ ከቅርንጫፉ በረጅም ጅማት ተንጠልጥሎ የሚያድግ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ከባድ ፍሬ ነው፤ ሬሳው የታጣ ሰው ቀብር እንዳይነፈገው በእሱ ፈንታ ያጎ ይቀበራል። ሚስቱ ሲፕሮሳ ያንን ፍሬ በባሏ ስም ጠርታ አለቀሰችለት። ልጇ ዛብሎን ከጎኗ ቆሞ ሳጥኑን ያይ ነበር፤ ጥርቡን፣ ቀለሙን፣ ዳር ዳሩን የዞረውን ወርቃማ ክፈፍ።

ከዚያ ቀን ሁለት ነገር ተረፈው፤ ውኃ መፍራትና ሳጥን መውደድ። በፍርሃቱ ማንም አይሥቅበትም። አባቱን የበላ ውኃ ነው። እኛ የሣቅነው በሳጥኑ ነው።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። ሲፕሮሳ ትልልቁን ዓሣ እየሸጠች፣ ትንንሹን እያበላችው አስተማረችው። ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ሸንኮራ ማኘክ ቻለ፣ በመጨረሻም ኪሱሙ ከተማ ካለ አንድ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። አር የሚባለውን የቁጥር ማስሊያ ፕሮግራም የተማረው በዚህ መሀል ነው። ከአር ሥራዎች ሁሉ ደግሞ ልቡን የሰጠው ለአንዱ ብቻ ነበር። አር ሳጥን ይሥላል።

ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። ብዙ ዓሣ ትለካለህ። ከትንሹ እስከ ትልቁ ታሰልፋቸዋለህ። መካከል ላይ የቆመው ዓሣ መሐል መስመር ይሆናል፤ በሰልፉ መሐል ያለው ግማሽ በሳጥን ይታጠራል፤ ከሳጥኑ በላይና በታች የቀሩት እንደ አምባዛ ጢም በቀጭኑ ይዘረጋሉ። በደንብ በተለካ ዓሣ ከተሣለ፣ የአንድ ወደብ ሕይወት በአንድ ዐይን ይታያል። የሚያምር ነገር ነው፤ አልክድም። ግጥም ነው ብል አላፍርም፤ ብዙ ነገር በጥቂት መስመር ይናገራልና።

አር ግን ከመጠን በላይ ታዛዥ አሽከር ነው። ሺህ ዓሣ ብትሰጠው ሳጥን ይሠራልሃል። ሦስት ብትሰጠውም ሳጥን ይሠራልሃል፤ ሁለቱም እኩል ያምራሉ። «ጌታዬ፣ ይቺ ትበቃለች እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን መጠየቅ የጌታው ፈንታ ነበር። ጌታው ደግሞ ቀለም እየመረጠ ነበር።

የተሰጠው ሥራ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በስድስት ወደቦች መለካት ነው። በዓሣው ቁመት ሐይቁ የት እንደደከመ ይታወቃል፤ ዓሣው ትንንሽ ብቻ በሆነበት ወደብ ለአንድ ወቅት መረብ እንዳይጣል ይደረጋል። ስለዚህ ለኪው ጎሕ ሳይቀድ ከአጥማጆች ጋር ጀልባ ላይ ይወጣል፤ መረቡ የያዘውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ ሳይመርጥ ይለካል። ሳይመርጥ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ዛብሎን ጀልባ ላይ አልወጣም። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ በሞተር ብስክሌት ከወደቡ ምግብ ቤት ይደርሳል። ወደብ ለወደብ እየዞረ፣ እያንዳንዱ ዘንድ ሦስቴ ሄደ። በሄደ ቁጥርም አንድ ዓሣ ለካ። የትኛውን ዓሣ እንደለካ ብነግራችሁ ያጋነንኩ ይመስላችኋል፤ ቢሆንም እነግራችኋለሁ። ምሳውን ነው የለካው።

በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ዓሣው ከመጠበሱ በፊት ጥሬውን አምጥቶ ማሳየት ወግ ነው። ኮጎኒ የሚባለው ወደብ ላይ ምግብ ቤት ያላት እማማ ሮዳም እንደዚያው አደረገች። ከቅርጫቷ የሞላውን፣ ጀርባው የደነደነውን ቆሮሶ መርጣ በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች።

«ዶክተር፣ ይቺን ነው የምሠራልዎ። ደስ አለችዎ?»

ዛብሎን ዶክተር አይደለም። ግን አላረማትም። ከደረት ኪሱ ማስመሪያ አወጣ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ሮዳ።

«ሳይንስ ነው እማማ።»

«ሳይንሱ ከጨው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት።»

«እንግዲያው ቶሎ ይበሉ፣ ዘይቱ ሞቋል።»

ለካ፣ ጻፈ፣ በላ። ሌሎቹ ወደቦች ላይም እንዲሁ ሆነ። በሄደበት ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የቅርጫቱ ንጉሥ ይመረጥለታል።

ካሙጋ ሲደርስ ግን ምግብ ቤት አልገባም። እናት ያለው ሰው ምን ሊያደርግ? ሲፕሮሳ ዓሣ ከምታጨስበት ምድጃ፣ ከጭስ ማዕዷ፣ ዞር ብላ አየችውና አንዲት መዳፍ የምታህል ዓሣ አነሣች።

«እናቴ፣ ያቺ ትልቋስ?» አለ ዛብሎን።

«ትልቋ የእንግዳ ናት። አንተ እንግዳ ነህ?»

«አይ…»

«እንግዲያው ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል። እንዴት ነው ይኼ ሰው፣ በገዛ ቤቱ እንደ ሙሽራ የሚቆመው?»

መዳፍ የምታህለዋን ለካት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ደረሱት። ትልልቆቹ ከአጠገቡ በቅርጫት ተጭነው ለገበያ ሲሄዱ እያየ፣ ማስመሪያውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ ሳጥን መሣል ያዘ። ወረቀቱን ስናየው እኛም አፋችንን ከፈትን፤ እውነት ነው የምላችሁ። አምስቱ ሳጥኖች ከላይ እንደ ክንፍ ተደርድረዋል፤ ወርቃማ፣ ብርቱካናማ፣ የሐይቅ ሰማያዊ። ስድስተኛው፣ የካሙጋው፣ ከታች ብቻውን ወድቋል። እሱን ጥቁር ቀብቶታል። ክፈፉ ወርቅ ነው።

አጠገቡ የምትሠራው ሄሪን አፖንዲ ነበረች። የእሱ እኩያ፣ የእሱ አቻ፤ ከሰሜ የመጣች ስለሆነች የሰሜ ልጅ እንላታለን። ምላሷ ዓሣ ይገፍፋል።

«ስንት ዓሣ ነው?» አለችው።

«በቂ ነው።»

«በቂ ስንት ነው፣ አንተ?»

«የሰሜ ልጅ፣ የሳጥኑን ጥበት ተመልከቺ እንጂ። ጠባብ ሳጥን ማለት እርግጠኛ ነን ማለት ነው።»

«ጠባብ ኪስም አለ። እርግጠኛ ስለሆነ አይደለም የሚጠበው። በል ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ነጥብ አድርገህ ከሳጥኑ ላይ አሳያቸው። አንድ ትእዛዝ ነው፤ አር አይከብደውም።»

ዛብሎን እንደተሰደበ ሰው ወደ ኋላ አለ። «በሙሽራ ፊት ላይ ብጉር ይሣላል?»

«ሙሽራ ካለች።»

«ቅናት ነው ይኼ» አለና ኮምፒውተሩን ዘጋ።

አላሳያትም። ወረቀቱ ወደ አለቃው፣ ከአለቃው ወደ ወረዳው የዓሣ ሹም ሄደ። ከሹሙ ቢሮ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ካሙጋ ለአንድ ወቅት ይዘጋ፤ ከመዘጋቱ በፊት ግን ባለሙያው እዚያው ካሙጋ ሄዶ ለሕዝቡ ያስረዳ።

ወደብ ተዘጋ ማለት ምን እንደሆነ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። ጀልባዎቹ ተገልብጠው ሣር ይበቅልባቸዋል። ወጣቱ ወደ ሌላ ወደብ ይሄዳል፤ ሌላው ወደብ ለባዳ ቦታ የለውም። ጭስ ማዕዱ ይቀዘቅዛል፤ ሲፕሮሳ ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችበት ጭስ። ወቅቱ አልፎ ወደቡ ሲከፈት ደግሞ ገዢው መንገዱን ለውጦ ይቆያል፤ ነጋዴ እንደ ወፍ ነው፣ አንዴ ከበረረ የድሮ ዛፉን አያውቀውም።

ዛብሎን ይህን አላወቀም አልልም። አውቋል፤ አውቆም ኮራበት። በዚያው ሰሞን የአንድ ዘመድ ሠርግ ነበር። ኦጓንግ የሚባለው ሽማግሌ፣ ስምንት አውታር ያለውን ክራራችንን፣ ንያቲቲውን፣ እግሩ ላይ አስደግፎ ይዘፍናል። ራሱን ማወደስ የፈለገ ሰው ሽልንግ ጥሎ ዘፈኑን ያስቆማል፤ ስሙን ጠርቶ ይፎክራል፤ ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል። ወጉ ነው። አንዱ ተነሥቶ «እኔ የጥቁር በሬ ጌታ» ይላል፤ ሌላው «እኔ ሴት አይታኝ ድስቷን የምታሳርር» ይላል፤ እንሥቃለን፣ እንጨፍራለን።

ዛብሎን ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ።

«አቁሙልኝ። እኔ ዛብሎን፣ የኦሙጋ ልጅ፣ የሲፕሮሳ ልጅ። እኔ ሎልዌን በሳጥን የከተትኩ። እኔ ለእናቴ ወደብ እንኳ ያላዳላሁ። ቁጥር እናት የለውም።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። ኦጓንግ ግን ጣቱን አውታሩ ላይ አንጠልጥሎ አቆየ፤ እንደ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ፣ ገመዱን የነካውን ነገር ዓሣ ይሁን ቅጠል እስኪለይ። ከዚያ ዘፈኑን ቀጠለ።

ስብሰባው የተደረገው በካሙጋ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጉረመርማል። ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ ሹሙ ኦልዋል ከፊት ተቀምጧል። ኦጓንግም ከኋላ አለ፤ ንያቲቲውን እንደ ሚስቱ ይዟት ነው የሚዞረው። ሲፕሮሳ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ከሴቶቹ መሀል፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ልጇን ታያለች። ልጇ አንሶላው ላይ ሳጥኖቹን አበራ።

አዳራሹ «እህ» አለ። ማማሩ አማረ።

ዛብሎን በቀጭን ዘንግ እያመለከተ ተናገረ። እንግሊዝኛውን በሉኦኛ እያጣፈጠ፣ የላይኛውን ሳጥን አወደሰ፤ ለታችኛው አዘነለት። «ይህ ጥቁሩ የእኛ ነው» አለ። «እዚህ ነው የተወለድኩት። እናቴ ይኸው ተቀምጣለች። ነገር ግን ቁጥር እናት የለውም።»

ሴቶቹ ሲፕሮሳን አዩዋት። ሲፕሮሳ መሬት አየች።

ሹሙ ጉሮሮውን ጠራርጎ ውሳኔውን ሊያነብ ሲል ሄሪን ከጎን ተነሣች። ኮምፒውተሩን የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች፤ ጣቢያው የላካት ለዚያ ነው።

«ጌታዬ፣ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት?»

«ምንድን ነው?»

«ዓሣዎቹን።»

ዛብሎን «አያስፈልግም፣ የሰሜ ልጅ» አለ በቀስታ። እሷ ግን አንድ መስመር ጽፋ ጣቷን አሳረፈች። በየሳጥኑ ላይ ነጥቦች ብቅ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ምንም።

ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። «የቀሩትስ?»

«የቀሩ የሉም።»

«ኮምፒውተሩ እየፈለገ ነው?»

«ጨርሷል ጌታዬ። ይኸው ነው።» ወደ አንሶላው ቀረበች። «አንድ ሳጥን ስንት መስመር እንዳለው ይዩ። ጢሞቹ ጫፍ ላይ ሁለት፣ የሳጥኑ ወለልና ጣሪያ ሁለት፣ መሐሉ አንድ። አምስት መስመር ከሦስት ዓሣ። ይህ ወለል ያለበት ቦታ አንድም ዓሣ አልተለካም፤ ጣሪያውም ያለበት አልተለካም። ኮምፒውተሩ በዓሣና በዓሣ መካከል ገምቶ ያሰመራቸው ናቸው። ብዙ ዓሣ ቢሆን ግምቱ አይጎዳም። በሦስት ግን ሳጥኑ ከዓሣው ይበዛል።»

ሹሙ ወደ ዛብሎን ዞረ። «ይቺ ከላይ ያለችው፣ የኮጎኒዋ፣ ከማን መረብ የወጣች ናት?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። ግን ዛብሎን ለምሳ ጥሩ ትዝታ አለው።

«እሷ… እሷ እንኳ እማማ ሮዳ በቲማቲም የሠራችልኝ ናት።»

ሹሙ ከወንበሩ ወደ ፊት አዘነበለ።

«ምን አልክ?»

«ከመሠራቷ በፊት ነው የለካኋት ጌታዬ።»

«ሁለተኛዋስ?»

«የተጠበሰችዋ ናት።»

«ሦስተኛዋ?»

«በሾርባ።»

ከወንዶቹ በኩል አንዱ «ገንፎውንስ ለክተኸዋል?» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይያዝ? ሴቶቹ አንገት ላንገት ተያይዘው ሣቁ፤ ወንዶቹ አግዳሚውን ደበደቡ። ሹሙ ራሱ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የዛብሎን ክራቫት ብቻ ነበር ቀጥ ብሎ የቀረው።

ሣቁ ጋብ ሲል ሹሙ ጠየቀ። «የካሙጋዎቹስ? እነሱ ለምን እንዲህ አነሱ?»

የመለሰችው ሲፕሮሳ ናት፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ።

«እነሱን ያበላሁት እኔ ነኝ ጌታዬ። ትልልቁ የእንግዳ ነው፤ ለልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ትንሿን ነው የምሰጠው። በሌላ ወደብ እንግዳ ነው፤ እዚህ ልጅ ነው። የለካው ሐይቁን አይደለም፤ ማን እንዴት እንዳስተናገደው ነው።»

ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ እንደገና ሊሥቁ ከጅሏቸው ነበር። ግን ሲፕሮሳ ቀና ብላ ነበርና ፊቷን አዩና ተዉት። ልጇን ነበር የምታየው።

«ዛብሎን።»

«አቤት እናቴ።»

«ለአባትህ ያጎ ነው የቀበርነው። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ያጎ የቀበርነው ፈልገን ስላጣነው ነው። ጀልባ ሳይቀር፣ ሸምበቆ ሳይቀር፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ፈልገን። ሳይፈልግ ያጎ የሚቀብር ሰው በአገራችን አለ?»

«የለም።»

«አንተ መች ፈለግህ?»

አንሶላው ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን፣ ወርቃማ ክፈፉ፣ ውስጡ ያሉት ሦስት ነጥቦች፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ያየነው ሌላ ነገር ሆነ። ዛብሎንም አየው። ዘንጉን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሹሙ ወረቀቱን አጠፈው። «ካሙጋ አይዘጋም» አለ፤ «የወቅቱ ዓሣ በሙሉ ከየመረቡ እስኪለካ ድረስ። በሁሉም ወደብ። ውጤቱ ያኔም ትንሽ ከሆነ ግን ይዘጋል፣ እማማ፤ ያን ጊዜ አልቅሱብኝ። የሚለካውም ይኸው ባለ ሳጥኑ ነው። ከጀልባ ላይ። ምግብ ቤት ውስጥ ካገኛችሁት እንዳትመግቡት።»

ሰው ሲወጣ ኦጓንግ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ንያቲቲውን እያስተካከለ ነበር። የሠርጉ ለት ጣቱን አንጠልጥሎ የፈለገውን ስንኝ አግኝቶታል።

«ሳጥኑ ተሠራ፣ ተጠርቦ አማረ፤
ሟቹ ባሕር ቀርቶ፣ ያጎ ተቀበረ።
ሦስት ዓሣ በልተህ ሳጥን የምትሠራ፣
በሆድህ ማል እንጂ ሎልዌን አትጥራ።»

በሳምንቱ ሐይቅ ዳሩ ሁሉ ያዜመው ነበር። ጀልባ የሚገፉት በእሱ ይገፋሉ፤ ዓሣ የሚገፍፉት በእሱ ይገፍፋሉ። ስንኝ እንደ ውኃ ሽታ ነው፣ ከልብስ አይለቅም።

ዛብሎን ከስብሰባው በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ ወዴትስ ይሄዳል? ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ፤ በባዶ እግሩ ቁጭ አለ። ሲፕሮሳ ኩዎኑን አነኮረች፤ የእኛን የበቆሎ ገንፎ። ከዚያ በሳህን ዓሣ አቀረበችለት። ትልቅ ቆሮሶ ነበር፤ ጅራቱ ከሳህኑ አልፎ ወጥቷል፣ ዐይኑ የእንግዳውን ዐይን ያያል። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዓሣ ቀርቦለት አያውቅም።

«እናቴ» አለ፤ «ይኼ የእንግዳ ነው።»

«ብላ» አለችው፤ «እንግዳችን።»

የሉኦ እናት ልጇን ልትረግም ብትፈልግ ከዚህ የከፋ ቃል ከየት ታመጣለች? ዓሣው ፊት ለፊቱ ቀዘቀዘ። ማስመሪያው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ጀልባ ላይ ወጣ። ስለ መውጣቱ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ እንዴት እንደጨበጠ፣ ያ የቀረው ሽቶ ከጥሬ ዓሣ ሽታ ጋር እንዴት እንደተጣላ፣ እንዴት እንዳስመለሰው፣ ቀዛፊዎቹ የኦጓንግን ስንኝ ልክ ወደ ጆሮው አስጠግተው እንዴት እንደዘፈኑለት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ፣ አባቱ በቀረበት አካባቢ፣ ቀዛፊዎቹ ሳይባባሉ ዘፈኑን አቆሙ። ይህንንም መናገር ይገባል። ከዚያ መረቡ ተነሣ። መረቡ ሳይመርጥ ያመጣውን ሁሉ፣ መዳፍ የሚያህለውን፣ ክንድ የሚያህለውን፣ ጭራው የተቆረጠውን፣ ማንም የማይበላውን፣ ለካ። በማግስቱም ወጣ። ወቅቱን ሙሉ ወጣ፤ ወደብ ከወደብ እየዞረ፣ እያስመለሰው።

ካሙጋ ደግሞ ያን ወቅት በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ቆየ። መረብ የሚጠግን ሰው ሲጠግን፣ ከርሞ የሚጥልበት መሆኑን ሳያውቅ ነበር የሚጠግነው።

ዝናቡ ሲያባራ ዛብሎንና ሄሪን አዲሶቹን ሳጥኖች ሣሉ። ነጥቦቹ በዝተው ሳጥኖቹን እንደ ጤፍ ሸፈኗቸው። ሳጥኖቹ እንደ ድሮው ጠባብ አልነበሩም፤ ሰፊ፣ ጢማቸው ረጅም፣ መልካቸው ያልተከረከመ ነበሩ። የካሙጋው ሳጥን ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ። ከእማማ ሮዳ ወደብ ከኮጎኒ እንኳ ፈቀቅ ብሎ ከፍ ይላል። ሹሙ ኦልዋል አየው፤ ነጥቦቹን በጣቱ ነካካ፤ «እነዚህን አልበላሃቸውም?» አለ። ዛብሎን «አልበላኋቸውም ጌታዬ፣ እነሱ ናቸው የበሉኝ» አለ። ወደቡ ሳይዘጋ ቀረ።

ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ክራቫቱ ተመልሷል። ሳጥኖቹን አሁንም ወርቃማ ይቀባቸዋል፤ ሄሪን ስትገላምጠው «ክፈፍ ኃጢአት ነው እንዴ?» ይላል። ባለፈው በአንድ ለቅሶ ላይ ዘፈኑን አስቁሞ ሊፎክር ሲነሣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ኦጓንግ የስንኙን የመጀመሪያ ቃል ብቻ በአውታሩ ነካለት፤ «ሳጥኑ…»፤ ዛብሎን ተመልሶ ተቀመጠ። እስኪሞት ድረስ ስሙ ባለ ሳጥኑ ነው፤ ሲሞትም ሬሳው እንዳይጠፋ እየተመኘን እንሥቅበታለን።

ውጤቱ በተነገረ ቀን ግን ካሙጋ ሄዶ ነበር። ጭስ ማዕዱ ይጨሳል። ሲፕሮሳ ቅርጫቷ ላይ አጎንብሳ ትመርጣለች፤ ትልልቁን ለገበያ፣ ትልልቁን ለእንግዳ። ዛብሎን ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባና ተቀመጠ። እናቱ ዞር ብላ አየችው። እጇ ቅርጫቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ መዳፍ የምታህለዋን አነሣች።

ዛብሎን ኦሙጋ፣ ሎልዌን ሙሉ ወቅት ሲለካ ያላለቀሰ ሰው፣ ያቺን ትንሽ ዓሣ አይቶ አንገቱን ደፋ። ሲፕሮሳ «ምን ሆነህ ነው?» አለችው፤ «ትልቋ የእንግዳ ናት። ብላ።»